ጅማት ያጠብቃል ስለሚባለው መርፌ ከባሕር ዳር የቀረበ ጥያቄና የተከተሉት መልሶች

ጥያቄውን በአንድ የበይነ መረብ ውይይት ላይ ያነሣችው ሽምብጥ አካባቢ የምትኖር አንዲት እህት ናት። እናቷ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤቶች በማስረከብ ልጆቻቸውን ያሳደጉ፣ ሁለቱም ጉልበቶቻቸው ለዓመታት ሲያሟቸው የኖሩ ሴት ናቸው። አሁን ግን የግራው ብሶባቸው ደረጃ ሲወርዱ እየከዳቸው ነው። የስኳር ሕመም ስላለባቸው ሜትፎርሚን ይወስዳሉ። አንድ የግል ክሊኒክ የጉልበታቸው ጅማት እንደላላ ነግሯቸው፣ በየወሩ የሚሰጥ ጅማት የሚያጠብቅ መርፌ እንዲጀምሩ መክሯቸዋል፤ የመርፌውን ስም ግን አልነገራቸውም። አሜሪካ የሚኖር የአጎቷ ልጅ በበኩሉ፣ እዚያ አገር የላላ ጅማት በስኳር ውሃ መርፌ እንደሚታከም በስልክ አጫውቷታል። እህታችን ሁለቱን አገናኝታ፣ ይህ መርፌ በእርግጥ ይሠራ እንደሆነና ስኳር ያለበትን ሰው ይጎዳ እንደሆነ ጠየቀች።

እኔ በዚሁ በባሕር ዳር በፊዚዮቴራፒ ሙያ እሠራለሁ። ጉልበታቸውን ወይም ትከሻቸውን ተወግተው የሚመጡ ሰዎችን ምን እንደተወጉ ስጠይቃቸው ብዙዎቹ የሚያውቁት መርፌ መሆኑን ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ ጥያቄ ሲነሣ ውይይቱን እስከ መጨረሻው ተከታተልሁት፤ በመካከልም ገባሁበት። መልሶቹ ተበታትነው እንዳይቀሩ በተራ ቁጥራቸው እያነሣሁ አቀርባቸዋለሁ፤ የራሴንም አስተያየት አልደብቅም። ምን እንደሆነ ያልታወቀን መርፌ ይሠራል ወይስ አይሠራም ብሎ መከራከር አይቻልም ብዬ አምናለሁ፤ ውይይቱም ወደዚሁ ነው ያመራው።

1ኛውን መልስ የሰጠው አንድ ትሑት ወንድም ነው። ለእናቲቱ ምሕረትን ከተመኘ በኋላ፣ ታላቅ ወንድሙ ጉልበቱን ተወግቶ ለጥቂት ሳምንታት ያለ ሕመም ሲራመድ ከርሞ ሕመሙ ተመልሶ እንደመጣበት ጻፈ። መርፌው ምን እንደነበር አላወቀም። የውይይቱን መሠረት የጣለችው ግን 2ኛዋ መልስ ሰጪ፣ በፋርማሲ ሙያ የምትሠራ እህት ናት። እንዳስረዳችው፣ የጉልበት መርፌ እየተባለ በአንድ ስም የሚጠራው ነገር ብዙ ዓይነት ነው። መቀመጫ ላይ የሚወጋው ዲክሎፌናክ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ከጅማት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ትራይአምሲኖሎንና ሜቲልፕሬድኒሶሎን የሚባሉት ስቴሮይዶች በቀጥታ ወደ መገጣጠሚያው ይገባሉ፤ ሥራቸው ብግነትን፣ ማለትም የተጎዳ አካል መቆጣትንና ማበጥን፣ ማብረድ ነው። መገጣጠሚያውን ያለሰልሳል ተብሎ የሚሰጥ ሃያሉሮኒክ አሲድም አለ። የአጎት ልጅ የነገራት ደግሞ ፕሮሎቴራፒ የሚባለው፣ ጠንከር ያለ የዴክስትሮስ፣ ማለትም የስኳር፣ ውህድ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ስቴሮይዱና ዴክስትሮሱ በዓላማቸው ተቃራኒ ናቸው፤ አንዱ ብግነትን ያጠፋል፣ ሌላው የሰውነትን የጥገና ሥራ እንዲያስነሣ ታስቦ ጥቂት ብግነት ሆን ብሎ ይቀሰቅሳል። ስለዚህ እህታችን ከሁሉ አስቀድማ የመርፌውን ስም ከክሊኒኩ ጠይቃ እንድትመጣ ለመነቻት።

3ኛው መልስ የውይይቱን መንፈስ ለወጠው። ጸሐፊው ክሊኒክ ሁሉ የድሃ ኪስ አውላቂ እንደሆነ፣ እናቲቱም አንድ ጥሩ ወጌሻ ዘንድ ሄደው በቅቤ ቢታሹ በሳምንት እንደሚድኑ በቁጣ ጻፈ። 4ኛው መልስ ሰጪ፣ ጠቅላላ ሐኪም የሆነ ሰው፣ ቁጣውን በቁጣ አልመለሰም። ወለምታ ላይ የወጌሻ እጅ የሚሰጠውን እፎይታ እንደማይክድ፣ ሆኖም በዕድሜና በሥራ የተበላን ልም አጥንት (በመገጣጠሚያ ውስጥ የአጥንትን ጫፍ የሚሸፍነውን ለስላሳ አካል) መታሸት እንደማይመልሰው ከገለጸ በኋላ ስለ ፕሮሎቴራፒ አመጣጥ አብራራ። አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት የሚደርሰው ደም ጥቂት ስለሆነ ሲጎዳ ቶሎ አይጠገንም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አንዳንድ የኦስቲዮፓቲ (ለአጥንት፣ ለመገጣጠሚያና ለጡንቻ ትኩረት የሚሰጥ የሕክምና ዘርፍ) ሐኪሞች የላላ ጅማትን በሚያስቆጣ ፈሳሽ መውጋት ጀመሩ፤ በ1950ዎቹ ደግሞ ጆርጅ ሃኬት የተባለ ቀዶ ሐኪም ሕክምናውን አስፋፍቶ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ሰጠው። የሃኬት እምነት የብዙ ሥር የሰደደ ሕመም ምንጭ ጅማት ከአጥንት ጋር የሚጣበቅበት ቦታ መድከም እንደሆነና እዚያ ላይ ትንሽ ቁጣ ቢፈጠር አዲስ ቃጫ እንደሚያድግ ነበር። በቀደመው ዘመን ከዓሣ ጉበት ዘይት የሚሠራ ሶዲየም ሞሩዌትና ፌኖል ከሚባል ኬሚካል ጋር የተቀየጠ ፈሳሽ ይሰጥ ነበር፤ ዛሬ በብዛት የሚሰጠው ከ12.5 እስከ 25 በመቶ የሆነ ዴክስትሮስ ከማደንዘዣ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ሐኪሙ እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ጨመረ፤ አዲስ ቃጫ ያድጋል የሚለው ሐሳብ አሳማኝ ቢመስልም በሰው ጉልበት ላይ በበቂ ሁኔታ የተረጋገጠ አይደለም።

5ኛውን መልስ ከአሜሪካ የጻፈው የባሕር ዳር ልጅ፣ ሕክምናውን በራሱ አካል ያየ ሰው ነው። በልጅነቱ ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱን ወለም ብሎት በቅጡ ሳይታከም ስለቀረ፣ ለዓመታት ድንጋይ በረገጠ ቁጥር እግሩ ይታጠፍበት ነበር። እዚያ ፕሮሎቴራፒ የሰጠው ሐኪም በአውራ ጣቱ የቁርጭምጭሚቱን ውጫዊ ጎን እየተጫነ፣ የሚያመውን ነጥብ ሁሉ በእስክሪብቶ ምልክት አደረገበት። ከዚያም መርፌውን በየምልክቱ አጥንቱን እስኪነካ አስገብቶ ጥቂት ጠብታ እየለቀቀ፣ በመጠኑ መልሶ እየሳበና አቅጣጫ እየለወጠ ቀጠለ። እግሩ ለጥቂት ቀናት አብጦ ደነደነ፤ የሚፈለገው ብግነት እንዳይጠፋ አይቡፕሮፌን እንዳይወስድም ተነገረው። ዛሬ የተሻለው ይመስለዋል። ነገር ግን በዚያው ወቅት በአንድ እግር ቆሞ ሚዛን የመጠበቅ ልምምድ በየቀኑ ይሠራ ስለነበር የዳነው በየትኛው እንደሆነ መለየት እንደማይችል ሳይሸሽግ ጻፈ። ወጪውን ከኪሱ ነው የከፈለው፤ የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ይህን ሕክምና እንደማይሸፍን ገልጿል። ከአንድ ተጠቃሚ ይህን ያህል ቅንነት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው።

6ኛዋ መልስ ሰጪ ነገሩን የላላ ጠፍር አልጋን እንደማጥበቅ ቆጠረችው፤ አልጋው ሲረግብ ጠፍሩ ተስቦ እንደሚወጠረው መርፌውም ጅማቱን ይወጥረዋል የሚል መልካም ተስፋ ነበራት። ብዙዎች በሐሳቧ ተስማሙ። በ7ኛው መልስ ሐኪሙ ተመልሶ፣ ጅማት ሕይወት ያለው አካል እንጂ ቆዳ እንዳልሆነ፣ የሚጠነክረውም በተደጋጋሚ በሚደርስበት መጠነኛ ጭነት እንደሆነ አረማት። ቀጥሎ የተናገረው ግን ለእናቲቱ ጉዳይ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅም ነው። ያረጀ ጉልበት ሲከዳ ሰው ሁሉ ጅማቱ ላልቶ ይመስለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የደከመው የጭኑ የፊት ጡንቻ ነው። ጉልበት ሲያም ሰው እግሩን ያሳርፋል፣ ያረፈ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ሕመሙ ራሱም ጡንቻው በሙሉ ኃይሉ እንዳይሠራ ያግደዋል። እንዲህ ያለው ጉልበት ጅማቱ ቢወጋም ደረጃ ላይ መክዳቱን አይተውም።

8ኛው መልስ ሰጪ፣ ስኳር ሕመም ላለባቸው እናት ስኳር መውጋት ነፍስ ማጥፋት ነው ብሎ ሁሉንም ወቀሰ። የፋርማሲዋ እህት በ9ኛው መልስ ስሌቱን አቀረበች። አንድ ጉልበት ውስጥ 6 ሚሊ ሊትር የሆነ 25 በመቶ ዴክስትሮስ ቢገባ ስኳሩ 1.5 ግራም ነው፤ በዙሪያው ያሉት ጅማቶች ጨምረው ቢወጉ እንኳ ጥቂት ግራም ቢደርስ ነው። ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር የተጨመረበት አንድ ብርጭቆ ሻይ 8 ግራም ያህል ይይዛል። ስኳር ያለበት ሰው የሚያሳስበው መርፌ ዴክስትሮሱ ሳይሆን ስሙ ከስኳር ጋር የማይያያዘው ስቴሮይድ እንደሆነ አስገነዘበች፤ ስቴሮይድ መገጣጠሚያ ውስጥ ቢሰጥም ወደ ደም እየገባ የደም ስኳርን ለበርካታ ቀናት ከፍ ያደርጋል። 8ኛው ጸሐፊ በዚህ ነጥብ አልተመለሰም።

10ኛው መልስ የእኔ ነው። የጥናቶቹ ነገር ሳይነሣ እንዳያልፍ ሁለቱን አነሣሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው የአውስትራሊያ ጥናት ሥር የሰደደ የጀርባ ሕመም ያለባቸውን 110 ሰዎች ወስዶ፣ ከፊሎቹ ዴክስትሮስ ከማደንዘዣ ጋር፣ ከፊሎቹ የጨው ውሃ ብቻ እንዲወጉ አድርጓል። በሁለቱም ወገን ሕመሙ ቀነሰ፤ ነገር ግን ዴክስትሮሱ ከጨው ውሃው አልበለጠም። በ2013 የታተመው የአሜሪካ የዊስኮንሲን ጥናት ደግሞ ጉልበታቸውን የሚያማቸው 90 ሰዎችን በሦስት ከፍሎ ለ52 ሳምንታት ተከታተለ። ከመቶ በሚለካ የሕመምና የእንቅስቃሴ መመዘኛ ዴክስትሮስ የተወጉት በ15.3 ነጥብ፣ የጨው ውሃ የተወጉት በ7.6፣ በቤታቸው ስፖርት የሠሩት በ8.2 ነጥብ ተሻሻሉ። ስለዚህ ለጉልበት የሚሆን መጠነኛ ተስፋ አለ ማለት እችላለሁ፤ ለጀርባ ግን እንዲያ ብዬ አልመክርም። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ በ2019 ባወጣው መመሪያ ፕሮሎቴራፒን ለጉልበትና ለዳሌ መገጣጠሚያ መበላት እንዳይሰጥ በቅድመ ሁኔታ፣ ማለትም ጽኑ ባልሆነ ደረጃ፣ መክሯል፤ ስፖርትን፣ ክብደት መቀነስንና ምርኩዝ መያዝን ግን በጽኑ ደግፏል።

ከእነዚህ ጥናቶች ለእኔ የሚጎላው የጨው ውሃው ጉዳይ ነው። ምንም መድኃኒት የሌለበት መርፌ የተወጋ ሰው ለምን ተሻለው? ሥር የሰደደ ሕመም አንድ ጊዜ ከፍ፣ አንድ ጊዜ ዝቅ ይላል፤ ሰው ወደ ሕክምና የሚሄደው ሲብስበት ስለሆነ ከዚያ በኋላ የሚቀንስበት ዕድል ሰፊ ነው። የሐኪሙ እጅ፣ የተሰጠው ትኩረትና ተስፋውም ሕመምን በእውነት ያቀልላሉ። እፎይታው የሐሰት አይደለም። ነገር ግን ጎረቤቴ ተወግቶ ዳነ የሚለው ወሬ ብቻውን መርፌው ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንደሠራ አያስረዳም።

11ኛው መልስ ሰጪ በዚህ ተቆጣ። ፊዚዮቴራፒስት መርፌን የሚቃወመው እንጀራው እንዳይጎድልበት ነው፣ የፈረንጅ ጥናትም ለእኛ እናቶች አይሆንም አለ፤ አክስቱ ተወግታ ዛሬ ገበያ በእግሯ ትሄዳለች። ስለ እንጀራዬ የተባለውን ለአንባቢ ፍርድ እተወዋለሁ። ሁለተኛው ቅሬታ ግን ሊናቅ የሚገባው አይደለም። የዊስኮንሲን ሰዎች ከሌሊት ጀምሮ ዱካ ላይ ቁጭ ብለው፣ ጉልበታቸውን እስከ ጥጉ አጥፈው ምጣድ ሥር አይውሉም። ይህ ልዩነት ግን መርፌውን እንደሚያጠናክረው የሚያሳይ አይደለም፤ ጉልበቱን የሚጎዳው ሥራ እንዲስተካከል የሚያስገድድ ነው። 12ኛው መልስ አጭር ነበር፤ ሁላችንም ስለ እናቲቱ እየተነጋገርን መሆናችንን እንድናስታውስ ጠየቀ።

13ኛውን የጻፈው የአብነት ተማሪ ነው። እናቲቱ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ እንደሆኑና በዐቢይ ጾም ስግደት እንዳያቋርጡ እንደሚጨነቁ ልጃቸው ጠቅሳ ስለነበር፣ የታመመ ሰው እንደ አቅሙ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ራሱን ዝቅ ማድረግ እንደሚችል፣ ጉዳዩን ለንስሐ አባታቸው እንዲያማክሩ፣ በበዓለ ሃምሳም ለማንም ስግደት እንደሌለ በትሕትና ገለጸ። 14ኛው ጸሐፊ ይህ የጤና ውይይት ነው ብሎ ገሠጸው። እኔ ግን ተማሪው ከርዕሱ እንደወጣ አይታየኝም። ወደ መሬት መውረድና ከመሬት መነሣት አንድ ጉልበት በቀን ከሚሸከማቸው ሥራዎች ሁሉ ከባዱ ነው፤ ሐኪም ስንት ጊዜ ተጎንብሰው እንደሚነሡ ሳይጠይቃቸው ስለ ጅማታቸው መናገሩ ግማሽ ምርመራ ነው። ተማሪው ስለ መቋሚያ ማንሣቱም ጠቃሚ ነበር፤ ምርኩዝ ወይም መቋሚያ ለግራ ጉልበት ሲሆን የሚያዘው በቀኝ እጅ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም።

ከዚህ በኋላ ሰው ሁሉ የራሱን መገጣጠሚያ ይዞ መጣ። 15ኛው ከዘጌ የጻፈ፣ በልጅነቱ ታንኳ ሲቀዝፍ ያደገና አሁን በጀልባ ሰው የሚያመላልስ ወጣት ነው፤ ትከሻው በተደጋጋሚ እየወለቀበት በራሱ እጅ እየመለሰው ይኖራል፤ ጅማት የሚያጠብቀው መርፌ ይሆነኝ ይሆን ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ በ16ኛው መልስ ጠንከር አለበት። ደጋግሞ የሚወልቅ ትከሻ አብዛኛውን ጊዜ የመገጣጠሚያው ከንፈር (የትከሻውን ጉድጓድ ዙሪያውን የሚከብበው ልም ቀለበት) ተቀዶ ወይም አጥንቱ ተሸርፎ የሚመጣ ስለሆነ፣ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሄዶ በአጥንት ሐኪም እንዲታይ፣ ሐይቅ ላይ ብቻውን ሳለ ትከሻው ቢወልቅ ነፍሱን እንደሚያሰጋው ነገረው። 17ኛዋ ደግሞ የመላ ሰውነቷ መገጣጠሚያ የላላ ተማሪ ናት፤ አውራ ጣቷን ወደ ክንዷ አጥፋ ማስነካት፣ ጉልበቷን ሳታጥፍ መዳፏን መሬት ላይ ማሳረፍ ትችላለች። ለእሷ የመለስሁላት እኔ ነኝ። ይህን የሚለካ ከ9 ነጥብ የሚሰጥ ቤይተን የሚባል መመዘኛ አለ፤ በአዋቂ ሰው 5ና ከዚያ በላይ ከሆነ አጠቃላይ የመገጣጠሚያ መላላት አለ ይባላል። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ልልነት አንድ ቦታ በመውጋት አይጠብቅም፤ መገጣጠሚያውን ዙሪያውን የያዙትን ጡንቻዎች ቀስ በቀስ ማጠንከር እንጂ ሌላ አቋራጭ አላውቅለትም።

18ኛው መልስ አስደነገጠኝ። ጸሐፊው ነገሩ ስኳር ውሃ ብቻ ከሆነ ምን ያስከፍላል በማለት፣ 40 በመቶ ግሉኮስ ከፋርማሲ ገዝቶ አንድ የሚያውቁት ነርስ ቤት መጥቶ እንዲወጋ ሐሳብ አቀረበ፤ ብዙ ሰዎችም ወደዱት። የፋርማሲዋ እህት በ19ኛው መልስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሏን አመረረች። ያ ግሉኮስ የተዘጋጀው ስኳሩ ወርዶበት ራሱን ለሳተ ሰው በደም ሥር እንዲሰጥ ነው፤ ውፍረቱም ለመገጣጠሚያ ከሚሰጠው በእጅጉ ይበልጣል። ዋናው አደጋ ግን ስኳሩ አይደለም። የመገጣጠሚያ ውስጥ ባክቴሪያን በቀላሉ የሚከላከል ቦታ አይደለም፤ ቆዳ ላይ የሚኖር ስታፊሎኮከስ በመርፌ ጫፍ ቢገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ልም አጥንቱን ሊያጠፋው ይችላል። 20ኛው ጸሐፊ ይህን በቤተሰቡ አይቶታል። ዘመዱ ቤት ውስጥ ጉልበቱን ተወግቶ በሦስተኛው ቀን ጉልበቱ እንደ እሳት ጋለ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ተከተለው፤ ሆስፒታል ገብቶ መገጣጠሚያው በቀዶ ሕክምና ታጥቦ ዳነ፤ እግሩ ግን ዛሬም በደንብ አይታጠፍም። ከዚህ በኋላ በቤት ስለመወጋት የጻፈ የለም። እኔም 18ኛው መልስ እንዲነሣ አልጠየቅሁም፤ ያን ሐሳብ በልቡ የያዘ ሌላ ሰው ቢኖር ከሥሩ ያሉትን ሁለቱን መልሶች ያነባል።

21ኛው መልስ የጠያቂዋ ነው። ክሊኒኩ ሄዳ የመርፌውን ስም በካርድ ላይ አጽፋ መጣች፤ ትራይአምሲኖሎን 40 ሚሊ ግራም ይላል። ጅማት የሚያጠብቅ ተብሎ የተነገራቸው ስቴሮይድ ኖሯል። በየወሩ ሊሰጥም ነበር። የእናቷንም አነሣሥ በዚያው አብራ ገልጻለች። ምጣዱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ዱካ ላይ ተቀምጠው ይጋግራሉ፤ አክንባሎውን ከፍተው እንጀራውን ካወጡ በኋላ ለመነሣት በግራ እጃቸው ግድግዳውን ይደገፋሉ፤ መዳፋቸው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀለሙ ተልጦ ጭቃው ይታያል። ይህን ሳነብ ከየትኛውም የራጅ ፊልም ይልቅ ጉልበታቸው ታየኝ።

በ22ኛው መልስ ሐኪሙ ስቴሮይድ ጅማትን እንደማያጠብቅ፣ ይልቁንም ተደጋግሞ በጅማት አጠገብ ሲሰጥ ሊያሳሳው እንደሚችል አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት 140 ሰዎችን ከፍሎ፣ ከፊሎቹ ይኸው ትራይአምሲኖሎን 40 ሚሊ ግራም በየ12 ሳምንቱ ለሁለት ዓመት እንዲወጉ፣ ሌሎቹ የጨው ውሃ እንዲወጉ አድርጎ ነበር። በሕመም ረገድ የጎላ ልዩነት አልታየም፤ ስቴሮይድ የተወጉት ግን የልም አጥንታቸው ውፍረት ይበልጥ ቀነሰ። ያ በየሦስት ወሩ ሲሰጥ የሆነው ነው። የ3ኛው መልስ ጸሐፊ ብቅ ብሎ፣ ኪስ አውላቂ ማለቱ ትክክል እንደነበር አስታወሰ፤ ሐኪሙም ክሊኒኩ የተሳሳተ ነገር መናገሩን እንጂ ሌብነቱን የሚያሳይ ማስረጃ እንደሌለ መለሰለት። ክርክሩ ጥቂት ገፋ፤ እኔ እዚያ አልዘገይም፤ ምክንያቱም ለእናቲቱ የሚጠቅም ነገር አልነበረበትም።

23ኛው መልሴ ስለሚሠራው ሥራ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው እንዲነሡና ቀስ ብለው እንዲቀመጡ፣ ከከበዳቸው ወንበሩን በፍራሽ ከፍ አድርገው እንዲጀምሩ፣ ቀስ በቀስም ከፍታውን እንዲቀንሱ ጻፍሁ። ተኝተው ጠቅልለው ከጉልበታቸው ሥር ያስቀመጡትን ፎጣ በጉልበታቸው ወደ ታች መጫን፣ የጭናቸው ጡንቻ ሲጠነክር በእጃቸው እየዳሰሱ ጥቂት መያዝና መልቀቅ ሌላው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጠነኛ ሕመም ቢኖር አያስፈራም፤ በማግሥቱ ጠዋት ጉልበቱ ካበጠ ግን መጠኑ ይቀነሳል። ውጤቱ የሚታየው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲሠራበት ስለሆነ በሳምንቱ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። በሌሊት ሲጋግሩ ዱካው መቅረት አለበት፤ ምጣዱ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ቆመው ወይም ከፍ ያለ ወንበር ላይ ሆነው ይጋግሩ።

በ24ኛው መልስ ጠያቂዋ፣ ታዲያ ስቴሮይዱን ለዘለዓለም እምቢ እንበል ወይ አለች። ሐኪሙ በ25ኛው እንዲህ የሚል መንፈስ ያለው መልስ ሰጣት። ጉልበቱ አብጦ፣ ግሎ፣ ልምምዱን መሥራት ካቃታቸው አንድ መርፌ ለጥቂት ሳምንታት እፎይታ ሰጥቶ ልምምዱን ሊያስጀምራቸው ይችላል፤ የ2019ኙም መመሪያ ለዚህ ይደግፈዋል። ነገር ግን በየወሩ የሚሰጥ ሕክምና አይደለም፤ ከተሰጠም ስሙና ቀኑ በካርዳቸው ላይ ይጻፍ፣ ለመጀመሪያው ሳምንት የደም ስኳራቸው ጠዋትና ማታ ይለካ፣ ጉልበቱ ከተወጋ በኋላ ቀልቶ ትኩሳት ከመጣ እስከ ነገ ሳይጠበቅ ድንገተኛ ክፍል ይወሰዱ። ዴክስትሮሱን በተመለከተ፣ ሥልጠና ያለው ባለሙያ በንጽሕና ቢሰጠው ከአደገኛ ሕክምናዎች የሚቆጠር እንዳልሆነ፣ ሆኖም ጭናቸው ሳይጠነክር ለእሱ ገንዘብ እንዲያወጡ እንደማይመክር ጨመረ። እኔም በዚህ ከእሱ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

26ኛው መልስ የጠያቂዋ ነበር። ወንድሟ ለምጣዱ የብረት ጠረጴዛ ሊያስበይድ ስለሆነ ቁመቱ ስንት ይሁን አለች። የእናቷን ቁመት ስለማላውቅ በ27ኛው መልስ የሰጠኋት መለኪያ ይህ ነው፦ እናቷ ቀጥ ብለው ቆመው ክርናቸውን በጎናቸው ያጥፉ፤ የምጣዱ ገጽ ከክርናቸው አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ይበል። ጠረጴዛው አክንባሎው ሲነሣ የማይናጋ ይሁን፤ ሊጡም ከመሬት በባልዲ የሚነሣ ሳይሆን ከጎናቸው በዚያው ከፍታ የሚቀመጥ ይሁን።